የአያታችን ምንሽር ስንት ያወጣል?

ይድረስ ለወንድሜ ለዳና፤

የጌታ ሰላም እንደ ጫሞ ውኃ ይስፋልህ። ጤናህ እንዴት ነው? ደረትህስ? የደብረ ብርሃን ብርድ ዛሬም ጋቢህን አልፎ ይገባል ወይ? እኛ ሙቀቱ ከማቅለጡ በቀር ደህና ነን። ይህን በስልክ ያልነገርኩህ አባባ አጠገቤ ቆሞ፣ እንዲያ አይደለም እያለ ስለሚያርመኝ ነው።

አያታችን ካረፉ ወዲህ በኩልፎ ወንዝ ዳር ያለው ሙዝ እርሻና ያ አሮጌ ምንሽር ጠመንጃ ሳይከፋፈሉ ቆይተው ነበር። አሁን አጎታችን አጵሎስ ከዶርዜ ወርዶ፣ ምንሽሩን ስጡኝ፣ እርሻው የእናንተ ይሁን አለ። ውርሱን ሊያከፋፍሉ የተቀመጡት ሽማግሌዎች ግን፣ ሳይገመት የተከፋፈለ ውርስ የልጅ ልጅ ያጣላል ብለው እንቢ አሉ። ምንሽሩ ከረከሰ የእርሻው ግማሽ ለአጎታችን ሊሄድ ነው። አንተን የሚያስተምር፣ እኛን የሚያበላ እርሻ መሆኑን መቼም ታውቃለህ።

ስለዚህ እሁድ ከአምልኮ በኋላ እዚያው እርሻው ውስጥ ማንጎ ጥላ ሥር ተቀመጥን። ገማቾቹ የድሮው ወታደር ጋሽ ተክለወልድና የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ጋሽ ደበሌ ነበሩ። አያታችን አፈሙዙን አስቆርጠው ማሳጠራቸውን፣ የተሰበረውን ሰደፍ በገዛ እጃቸው ከወይራ ጠርበው መተካታቸውን ታስታውስ የለ? ጋሽ ደበሌ፣ የተነካካ መሣሪያ ቀንዱ እንደተሰበረ ወይፈን ነው አሉ። ጋሽ ተክለወልድ ደግሞ፣ ሰውም ሲያረጅ ጥርስ ያስተክላል፣ እኔ ታዲያ ረክሻለሁ ወይ ብለው አዲሶቹን ጥርሶች አሳዩን።

ከዚያ የሆነውን እንዴት ልንገርህ። ምንሽሩ እጁ የገባ ሁሉ ይፈዛል። ዐይኑ ከሙዙ ቅጠል በላይ ወደ ተራራው ይሄድና አይመለስም። ወንዙ ብቻ ነው የሚሰማው፤ ቀኑ ራሱ ያንቀላፋ መሰለኝ። ጋሽ ተክለወልድ ሰደፉን ጉንጫቸው ላይ አስጠግተው አንድ ዐይናቸውን ጨፈኑ። ያነጣጠሩ መስሎን ትንፋሻችንን ዋጥን፤ ለካ ሁለተኛውም ዐይን ተከድኖ እንቅልፍ ወስዷቸዋል። ጋሽ ደበሌ ተቀብለው አፈሙዙን ጆሯቸው ላይ ደግነው አዳመጡ። ምን እንደነገራቸው እንጃ፣ ምንሽሩ ከእርሻው እኩል ነው ብለው ፈረዱ። ጋሽ ተክለወልድም ነቅተው፣ እኔም ያልኩት ይህንኑ ነው አሉ።

በልቤ ሳጨበጭብ አባባ ተነሣ። ላቡ በግንባሩ ይወርዳል።

"ወንድሜ፣ አላታልልህም። አፈሙዙ ድፍን ነው። አባታችን ከባላንጣቸው ጋር የታረቁ ዕለት ብረት አስቀልጠው አስደፍነውታል። የማይተኩስ ነገር ነው የምትወስደው።"

ሁለቱም ሽማግሌዎች አፈሙዙን አጮልቀው አላዩም ነበር። ዳና፣ እርሻው እዚያው ፊቴ ላይ ለሁለት ሲሰነጠቅ ታየኝ።

አጎታችን የአያታችን መዳፍ ያለሰለሰውን የሰደፉን ቦታ እየዳበሰ ቆየ።

"አውቃለሁ" አለ። "ሲደፈን ወናፉን የነፋሁት እኔ ነኝ። ግምቱ ይጽና።"

ሽማግሌዎቹ ወዲያው፣ እኛም ገና ስናየው አውቀናል አሉ። ማንም አልተከራከራቸውም። ለምለም ሳር ነጭተው መረቁን። ለካ አባባ ሳምንቱን ሙሉ ምግብ አልወርድ ያለው ለዚህ ነበር፤ ያን ዕለት የራሱን ጨርሶ የእኔንም ድርሻ በላ።

እማዬ በጸሎቴ እንዳልረሳሁት ንገሪው ብላኛለች። ትንሿ አስቴር፣ እዚያ ሰው ገላውን ይታጠባል ወይ ብላ ትጠይቃለች። አባባ በርትተህ ተማር ይልሃል። አጎታችን ወፍራም ጋቢ እየሠራልህ ነው። አብሮህ ለሚኖረው ለፈይሩዝ ሰላምታዬን አድርስልኝ። ጋሽ ተክለወልድም ሰላም ብለውሃል፣ ነቅተው ሳሉ።

የምትናፍቅህ እህትህ
ዕድላዊት ኢሳያስ
አርባ ምንጭ፣ ጥር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.