ፌርማታ ለሌለው አውቶቡስ አዘጋጆች

ለአሮጌ ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡሶች መታሰቢያ ጉዞ አዘጋጅ ኮሚቴ፣
ጆሃንስበርግ

ክቡራን ሆይ፣ እናንተም ሞተሮቻችሁም እንደምን ከርማችኋል? እናንተን በመልካም ጤና፣ አውቶቡሶቻችሁን በመልካም ቀለም ያቆይልን። እኔ ዱርንፎንቴን ሰፈር የምኖር፣ አርባ ዓመት ልጆችን ሰዓት ማክበር ያስተማርኩ ጡረተኛ ስሆን፣ ባለፈው እሑድ ስላደረጋችሁልን ሁሉ ሳላመሰግን ብቀር አስተዳደጌ አይፈቅድልኝም።

አንደኛ፣ መንገዳችንን ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ስለዘጋችሁልን አመሰግናለሁ። በዚያ ጠዋት ከከተማው ወጣ ብሎ ቮስሎሩስ በሚባል ሰፈር ሱቅ ያለው ያገራችን ልጅ ዓብዩ ወደ ሰፈራችን ተጠርቶ ነበር። እናቱ አገር ቤት፣ ሆሳዕና ከተማ፣ ማረፏን እኛ ሰምተናል፣ እሱ አልሰማም። በእኛ ዘንድ መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ሰውየው በወገን መሀል ተቀምጦ በትልቅ ሰው አፍ ይረዳል። ለዚህ የተመረጥኩት እኔ ነበርኩ። ሦስት ሰዓት ላይ ማዕዘኑ ጋ ጠብቄው፣ ስልኩን በዘዴ ተቀብዬ፣ ምእመናኑ ወደተሰበሰቡበት ወደ እኅት ፊቤ ቤት ላደርሰው ነበር።

ሁለተኛ፣ ስለ አስተናጋጃችሁ ትሕትና። ሕዝቡ የድሮ ልብስ ለብሶ እንዲወጣ ጋብዛችሁ ኖሮ፣ ያ ባለ ቀይ ኮት ጎልማሳ ጥቁር ቀሚሴንና ጥለቱን ወደ ላይ አድርጌ የለበስኩትን ነጠላ አይቶ፣ «ጎጎ፣ ከሁሉም የበለጠ ያማረብሽ አንቺ ነሽ፤ ነይ፣ ፎቁ ላይ ውጪ!» አለኝ፤ ጎጎ በእነሱ ቋንቋ አያቴ ማለት ነው። የኀዘን ልብስ መሆኑን ልነግረው ይገባ ነበር። የሰው ስሕተት አርሜ የማልጠግብ ሴት ያንን አንዱን አለፍኩት። ሰዓቴ ለሦስት ሩብ ጉዳይ ይላል፤ እስከሚቀጥለው ፌርማታ ብቻ ብዬ ወጣሁ።

ሦስተኛ፣ ለካ የመታሰቢያ አውቶቡስ ፌርማታ የለውም። ደወሉን ደወልኩ። ተሳፋሪው ጨዋታ መስሎት እየተቀባበለ ደወለ፣ አጨበጨበልኝም። ከሦስተኛው ደወል በኋላ እጄን ያወረድኩት ግን ማንም አስገድዶኝ አይደለም። ከዚያ ከፍታ የዛፎቹ ጫፍ በእጅ ይነካል፣ ነፋሱም ደስ ይላል፤ ለአንድ ሰዓት ያህል የማንም መርዶ ነጋሪ አልነበርኩም።

ዞራችሁ ስታወርዱኝ ዓብዩ ታክሲው ከሩቅ አውርዶት በእግሩ መጥቶ፣ የመንገዱ ጠርዝ ላይ ብቻውን ተቀምጦ ነበር። የአክስቱ ልጅ ደውሎ «ጌታ ያጽናናህ» ብሎታል። ካሜራ የያዙ እንግዶቻችሁ አውቶቡሶቹን እንዳይጋርድባቸው ዘወር እንዲልላቸው ሲለምኑት ደረስኩ።

አራተኛ፣ ለጠየቀኝ ሁሉ «መንገድ ተዘግቶብኝ ነው» አልኩ። መንገዱ ተዘግቶ ነበርና ይህን የመሰለ ንጹሕ ምክንያት ስላዋሳችሁኝ ባለውለታችሁ ነኝ። ይዤው ፊቤ ቤት ከገባን በኋላ ዓብዩ በራሱ ለቅሶ ላይ ተነሥቶ፣ «እትዬ፣ ይህን ሁሉ በእግርዎ ዞረው መጡ?» ብሎ ወንበሩን ለቀቀልኝ። ተቀመጥኩበት። ሐሙስ ዕለት ደግሞ ፊቤ በገጻችሁ ላይ ያወጣችሁትን ፎቶግራፍ አሳየችኝ፤ ከላይኛው ፎቅ አፌን ከፍቼ እስቃለሁ፣ ሰዓቱም ከግርጌው ተጽፏል። ከዚያ ስልኩን ወደ ቦርሳዋ መለሰች። ይህን ደብዳቤ የጀመርኩት ፎቶግራፉን ከገጻችሁ እንድታወርዱልኝ ልለምን ነበር። በአማርኛ መጻፌን ይቅር በሉኝ፤ የሚያነቡት እናንተ ሳትሆኑ እነፊቤ መሆናቸውን አውቃለሁ።

እንግዲህ ከዛሬ ጀምሮ በእኔ ጥፋት እናንተን ማመስገን አቆማለሁ፣ የራሳችሁ ይበቃችኋልና፤ ቀለማችሁ እንዳይለቅ፣ ጎማችሁ እንዳይተነፍስ እየተመኘሁ፣

አክባሪያችሁ
ኤርጎጌ ሽጉጤ፣ ጡረተኛ መምህርት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ፎቶግራፉን አታውርዱት። ትናንት ቮስሎሩስ ሄጄ በሱቁ ፍርግርግ በኩል ለዓብዩ ራሴ አሳየሁት። ከግርጌው ያለውን ሰዓት አንብቦ፣ «እትዬ፣ ሲሳፈሩ እናቴ እንደሞተች ያውቁ ነበር?» አለኝ። «አዎ» አልኩት። በሩን አልከፈተልኝም፤ ቢከፍትልኝ ኖሮ እታዘበው ነበር።