ሽቶዬን ማን ነካው?

ረቡዕ

ሽቶዬ ጎድሏል። ዓይኔ አልዋሸኝም። ባለቤቴ ጥሩወርቅ ከሞተች ወዲህ እኔ ክዳኑን እንኳ አልነካሁም። መታጠቢያ ቤት፣ መስታወቱ ሥር፣ ከአፍተር ሼቩ ጎን እሷ እንዳስቀመጠችው ነው ያለው። ያኔ ከግማሽ በላይ ነበር። ዛሬ እጄን ልታጠብ ገብቼ ሳየው ታች ወርዶ ትንሽ ነው የቀረው። ሽቶ እግር አውጥቶ አይሄድ! በቤቱ ያለነው እኔና ልጄ ቤዛ ብቻ ነን። ቤዛ የወንድ ሽቶ ምን ያደርግላታል?

ኤልያስ! ለዚያ ልጅ እየቀዳች ትወስድለት ይሆናል።

ኤልያስ ሊያገባት የሚፈልገው ነው። ሐይቅ ዳር አንድ ሆቴል ውስጥ ሒሳብ ይሠራል። ቤተሰቦቹ የቱላ ሰዎች ናቸው፤ ሲዳማዎች፣ ጴንጤዎች። ልጁ ላይ የምለው የለኝም። ኧረ አለኝ፤ ለራሴ ደብተር ምን እዋሻለሁ። ልጄን ይዞብኝ ሊሄድ ነው።

እስካሁን ግን ሽማግሌ አልላከም። አይልክማ! ሐዘን ላይ ያለ ሰው ጢሙን አይላጭም፤ ጢሙን ያልተላጨ ሰው ቤት ደግሞ ማን ለጋብቻ ሽማግሌ ይልካል? የጥሩወርቅ አርባ ከወጣ ቆይቷል። የእድራችን ሰዎች ሐዘን ሊያስወጡኝ ምላጭና ሳሙና ይዘው መጥተው ነበር። ምሳ አብልቼ ከነምላጫቸው ሸኘኋቸው።

ሐሙስ

አንገቴን ሲያሳክከኝ ዋለ። መናኸሪያ አጠገብ ያለችው የመለዋወጫ ሱቄ ውስጥ ተቀምጬ ሳክ ያየኝ አንድ ሾፌር "ፋዘር፣ ገዳም ሊገቡ ነው እንዴ?" ብሎ ሳቀብኝ። አብሬው ሳቅኩ፤ ምን ላድርግ።

ከሰዓት ዘነበ መጣ። የልጅነት ጓደኛዬ ነው፤ ነገር ካልያዘ እግሩ ወደ ሱቄ አይመራውም። "የልጁ ቤተሰቦች ምን እንደሚሉ ሰምተሃል? ሰውዬው በሃይማኖት ነው የጠላን፣ ጢሙን አጥር ያደረገብን እንዳንገባ ነው እያሉ ነው" አለኝ። እሁድ ሊመጡ አስበው እኔን ፈርተው ያመነታሉ አሉ። አሁን ከቀሩ ደግሞ በዚያው ቀሩ ማለት ነው አለኝ።

ደሜ ፈላ። እኔ? በሃይማኖት? ጥሩወርቅን አብረውኝ ያስታመሙት ጎረቤቶቼ ግማሾቹ ጴንጤዎች አይደሉም እንዴ!

እሱ ከሄደ በኋላ ግን ነገሩ ሆዴ ውስጥ ቀረ። አጥር ያሉት እውነት ቢሆንስ? ካልተላጨሁ ሽማግሌ አይመጣም። ሽማግሌ ካልመጣ ቤዛ አትሄድም። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ይህን አስቤው አላውቅም ነበር።

ሌላም አለ፤ ለማንም አልነገርኩትም። ጠዋት ጠዋት እላጫለሁ፣ አፍተር ሼቩን በሁለት እጄ ፊቴ ላይ ጠፍ ጠፍ አደርጋለሁ፣ ሲያቃጥለኝ እፍፍ እላለሁ። ጥሩወርቅ ከበሩ ሆና "ጀግናው!" ትላለች። ከዚያ አንገቴን ዘንበል አደርግላታለሁ፣ ሽቶውን እሷ ትቀባኛለች። እኔ ስቀባ አበዛዋለሁ፤ "ታክሲ ውስጥ ሰው ልትገድል ነው" ትለኝ ነበር። አሁን ብላጭ አንገቴን የማዘነብለው ለማን ነው?

ዓርብ

ትናንት ጠርሙሱ ላይ በእስክሪብቶ ምልክት አድርጌ ነበር። የባለሱቅ ነገር! ዛሬ ጠዋት ቤዛ ታጥባ ስትወጣ ገብቼ አየሁ። ከምልክቱ በታች ነው።

ቁርስ ላይ አልቻልኩም። "ሽቶዬን የምትወስጂው ለእሱ ነው? ገና ሳያገባሽ ቤቴን ልታራግፊልኝ ነው?" አልኳት። ቀና ብላ አየችኝ። ሻይዋን ሳትጨርስ ሻርፗን አንገቷ ላይ ጠምጥማ ወደ ሥራ ወጣች። ስታልፍ ያው የኔው ሽቶ ሸተተኝ። ይኸው፣ ስትቀዳ ልብሷ ላይ ፈሶባት ነው አልኩ።

ምሳ ሰዓት ደወልኩላት፤ አላነሳችም። እንደገና ደወልኩ። ምን አናገረኝ? ጥሩወርቅ ብትኖር "አንተ ሰውዬ፣ መላጨት ያለበት ጢምህ ሳይሆን ምላስህ ነው" ትለኝ ነበር። ሱቁን በጊዜ ዘግቼ ቤት ገባሁ። እሷ አክስቷ ጋ እንደምታድር በሰው ላከችብኝ።

ቅዳሜ

ረፋድ ላይ መጣች። ዓይኗ አብጧል። ይቅርታ ልጠይቃት አፌን ስከፍት ሻርፗን ፈታ እጄ ላይ አስቀመጠችው። "አሽትተው" አለችኝ።

አሸተትኩት። እኔን እኔን ይሸታል። የድሮውን እኔን።

"አባዬ፣ ጠዋት የሚቀሰቅሰኝ ይሄ ሽታ ነበር። ከመታጠቢያ ቤት ስትወጣ ኮሪደሩን ይሞላዋል። እማዬ ስትሞት አንተም አብረሃት ሄድክ። አሁን ቤቱ ምንም ምንም አይሸትም" አለች። "እዚህ ላይ ጠብ አድርጌ ነው ወደ ሥራ የምሄደው። ለኤልያስ ብወስድማ ምን አስለቀሰኝ።"

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። እናቷን ብቻ ያጣች መስሎኝ ነበር፤ ለካ አባቷንም ቀብራ ከርማለች፣ እኔ እዚሁ ቁጭ ብዬ። የሞተ ተጎዳ ይላሉ፤ ያለውስ?

"እሁድ እንዳይመጡ ለኤልያስ ነግሬዋለሁ፤ አንተን ማስጨነቅ አልፈልግም" ብላ ወደ ክፍሏ ገባች። በሯ ላይ ብዙ ቆምኩ። በመጨረሻ "ይምጡ በይው" አልኩ። ትንሽ ቆይቶ ስልክ ስታወራ ሰማኋት።

እሁድ

ከቤተ ክርስቲያን መልስ መታጠቢያ ቤት ገባሁ። መጀመሪያ በመቀስ፣ ከዚያ በምላጭ። እጄ ረስቶታል፤ አገጬን ሁለት ቦታ ቆረጥኩት። የተላጨው ፊቴ ከስቷል። አፍተር ሼቩን ጠፍ ሳደርግ እንደ እሳት ለበለበኝ። እፍፍፍ! ዓይኔ እንባ ሞላ፤ ማቃጠሉ ብቻ አልነበረም።

ከዚያ ሳላስበው አንገቴን ዘንበል አደረግኩ። ማንም በሌለበት እንደዚያው ቀረሁ። ቀና ማለት አቃተኝ።

ቤዛ በሩ ላይ ነበረች ለካ። ገብታ ጠርሙሱን አነሳችና ቀባችኝ። አበዛችው! በዚህ እኔን ነው የወጣችው።

ሽማግሌዎቹ ከሰዓት መጡ። ትልቁ፣ አቶ ላሚሶ፣ ሳይቀመጡ "አቶ ጌታሁን፣ እስካሁን የዘገየነው ጢምዎን አክብረን ነው። የሰው ሐዘን ተረግጦ ልጅ አይጠየቅም" አሉኝ። በሃይማኖት ተጠላን ያለ ሰው እንዳለ ዘወር አድርጌ ጠየቅኳቸው፤ ደንግጠው እርስ በእርስ ተያዩ። ዘነበ ነዋ! ራሱ ፈጥሮ ነው ያመጣብኝ፣ እንድላጭ። ነገ ሱቅ ይምጣ፣ አሳየዋለሁ። ምሳም እጋብዘዋለሁ።

እንደ ወጉ ተመካክረን እንነግራችኋለን ብዬ ለመጪው እሁድ ቀጠሮ ሰጠኋቸው። ምን እንደምላቸው አውቃለሁ። እንዴት ብዬ አፌን እንደማዘው ግን እንጃ።

ሽቶው አልቋል። ነገ ከሱቅ ስመለስ ሁለት እገዛለሁ፤ አንዱን ቤዛ ይዛው ትሂድ።