ድምፄ የጠፋ ሰሞን

ጥር 5
ማዋለጃ ክፍሉ ዛሬ ገበያ መስሎ ዋለ። ሁሉም በደህና ተገላገሉ፣ ተመስገን። «በርቺ፣ ግፊ!» ስል የዋልኩት ካርድ ክፍል ድረስ ተሰምቷል አሉ። ጡሩምባ የሚሉኝ ወደው አይደለም። ጉሮሮዬ ግን ይከረክረኛል…
ከሰዓት ሙሽሪት ለክትትል መጣች። የታናሽ ወንድሜ ሚስት። ከተጋቡ ስንት ጊዜያቸው፣ በቤታችን ዛሬም ሙሽሪት ነች። የመጀመሪያ ልጇ ነው፣ ስምንተኛ ወሯን ይዛለች። የደም ግፊቷን ለካሁ፣ ደህና ነው። ስለ ብረት ኪኒኑ፣ ስለ አተኛኘቷ፣ ስለ ሕፃን ልብስ ነገርኳት። እሷ እንደሆነ «እሺ» እና «ደህና ነኝ» ብቻ። ደግ ልጅ ናት። ቃል ግን በጉጠት ነው የሚወጣት።

ጥር 9
ድምፄ ጠፋ። ጭራሽ። ጠዋት ልጆቹን ልቀሰቅስ አፌን ብከፍት ነፋስ ብቻ። የጉሮሮ ሐኪሙ፣ «ሳምንት ሙሉ ቃል እንዳይወጣሽ፤ ሹክሹክታም ክልክል ነው» አለኝ። ባሌ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ሐኪሙን እግዜር ይስጠው።» ተማክረው ይሆን እንዴ?
አለቃችን ከማዋለጃ ክፍል አወጣችኝ። «አፍ የሌላት አዋላጅ ምን ታደርግልኛለች? ክትትል ክፍል ገብተሽ ግፊት ለኪ።» ሆድ ባሰኝ። ሙሽሪትን እኔው አዋልዳታለሁ ብዬ ለወንድሜ ቃል ገብቼ…

ጥር 10
የሚገርም ነው። እኔ ዝም ስል እነሱ ያወራሉ። አንዷ ጠመኔ እንደምትበላ ነገረችኝ። አስተማሪ ናት፣ ከክፍል እየሰረቀች። ሌላዋን አማቷ «ሆድሽ ሾጠጥ ብሏል፣ ወንድ ነው» እያሉ ቁም ስቅሏን ያሳዩዋታል። ያለ ድምፅ በሳቅ ፈረስኩ። ይሄን ሁሉ ወሬ እስከዛሬ የት ደብቀውት ነው?

ጥር 12
ሙሽሪት ቀጠሮ ሳይኖራት መጣች። ማር በሎሚ በፔርሙስ ይዛልኝ። አጠገቤ ተቀመጠች። በእጄ አመሰገንኳት። ቆይታ ሳቅ አለች።
«ዛሬ እንኳ አትቆጪኝም። እትዬ፣ ራሴን እያመመኝ ነው። ሲብስብኝ ዓይኔ ላይ ብልጭ ብልጭ ይላል። የእርግዝና ነው ብዬ ተውኩት።»
ክው አልኩ። ግፊቷን ለካሁ፤ ተሰቅሏል። በሌላው እጇ ደገምኩ፤ ያው ነው። በዚህ ዓይነት እናትም ልጅም ይሄዱብናል። ዶክተሩ ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ነው። ልጮህ አፌን ከፈትኩ… ምንም። የብረት ትሪውን አነሣሁና በሩን ደበደብኩት። ዶክተሩ፣ አለቃችን፣ የጽዳት ሠራተኛዋ ሳትቀር ተንጋግተው መጡ።
አስተኝተው መርፌ ሰጧት። ነገ መውለድ አለባት አሉ። ወንድሜ ግድግዳ ተደግፎ «ትተርፋለች አይደል?» አለኝ። በጭንቅላቴ አዎ አልኩት። ምን አውቄ?

ጥር 13
ሴት ልጅ! ትንሽዬ ናት፣ ጩኸቷ ግን የኛው ዘር ነው።
ሙሽሪት «እትዬ ካልገባች አልወልድም» ብላ አስቸገረች። አለቃችን አፈጠጠችብኝ፣ ከዚያ ጋውን ወረወረችልኝ። ያለ አፍ ምን ላድርግ? ወገቧን አሸሁ፣ እጇን ያዝኩ፣ ዓይን ዓይኗን እያየሁ አብሬያት ተነፈስኩ። ዝምተኛዋ ሙሽሪት ግን ጉድ አፈላች። ዶክተሩንም ወንድሜንም አንድ ሳታስቀር ሰደበቻቸው። ደስ ሲል።

ጥር 14
ግፊቷ እየወረደ ነው። በእጄ ጭንቅላቴን ይዤ፣ መቼ ጀመረሽ? አልኳት በምልክት።
«ባለፈው ለክትትል ስመጣ ጀማምሮኝ ነበር። ልነግርሽ ስል… አንቺ ስለ ብረት ኪኒኑ እያወራሽ ነበር።»
ያለ ክፋት ነው ያለችው፣ ልጇን እያጠባች። ልብስ መቀየሪያ ክፍል ገብቼ አለቀስኩ። አጠገቤ ተቀምጣ ልትሞትብኝ ነበር።

ጥር 19
ድምፄ ተመለሰ። ባሌ ሐዘን ተቀምጧል። ሙሽሪትና ልጇ ቤታቸው ገቡ።
አለቃችን «በይ ወደ ማዋለጃሽ» ስትለኝ፣ ለጊዜው ክትትል ክፍል ተይኝ አልኳት። አተኩራ አየችኝ። አመመሽ እንዴ? አለች።
የመጀመሪያዋ ነፍሰ ጡር ገባች። ገና ልጅ ናት፣ ቦርሳዋን አቅፋለች። እንዴት ነሽ? ደህና ነኝ። የምነግራት ሁሉ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር… ዋጥኩት። ዝም ማለት እንዴት ይከብዳል። በሩን አየች፣ መሬቱን አየች፣ እኔን አየች።
«ሲስተር… ምጡን እፈራለሁ። እናቴ እኔን ስትወልድ ነው የሞተችው።»
ወንበሬን ሳብ አድርጌ ተጠጋኋት።