በርቢ የተያዘች ድመት

ደብረ ብርሃን
የካቲት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለምሳሳልሽ ልጄ ለፍቅርተ፣

እንደምን ከርመሻል? እኛ መድኃኔዓለም ይመስገን ደህና ነን፤ ብርዱ ብቻ እንደ ልማዱ ይቀጣናል። ይህን ደብዳቤ ዱባይ ድረስ የምታመጣልሽ የጎረቤታችን የወልደተንሣኤ ልጅ ናት። በስልክ እንዳልነግርሽ፣ ድምፅሽን ስሰማ እንባ ይቀድመኛል። አባትሽም አጠገቤ ተቀምጦ ያልሰማ እየመሰለ ይሰማል፤ ስልኩን ሳቀብለው ግን እጁን እንደማይዘረጋ ታውቂያለሽ።

ከሁሉ በፊት ስለ ድመቷ ላመስግንሽ። አምና “ለአባዬ ዘሯ የታወቀ ድመት ግዢለት፤ ያርባት” ስትዪኝ፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ የዐረብ አገር ሙቀት አናትሽ ላይ ወጣ ብዬ ነበር። በግ ሲያረባ የኖረ ሰው ምን በወጣው ድመት ያረባል አልኩ። ግን ጉልበቱ እምቢ ብሎት በጎቹን ሸጠን ከመዘዞ ከመጣን ወዲህ፣ ግድግዳ ተደግፎ ፀሐይ ከመሞቅ በቀር ሥራ አልነበረውም። እህሉን ገፋ ያደርገዋል፣ ጨው በዛ ብሎ እንኳ አይቆጣም። አባትሽ መቆጣት ሲተው በጣም ፈራሁ።

ገንዘቡ ከማን እንደመጣ ሳልነግረው ሣራ ቤት ወሰድኩት። ሣራ ዩኒቨርሲቲው አካባቢ የምትኖር፣ ፐርሺያን የሚባሉትን ጠጉራም ድመቶች የምታረባ ሴት ናት። አመራረጡን ብታዪ በሳቅ ትሞቺ ነበር። ግልገሎቹን ገና ሳያይ “እናቲቱን አምጪልኝ” አለ። ጡቷን ዳሰሰ፣ አፏን ከፈተ፣ የበግ እንደሚያይ ሁሉ ጠጉሯን እፍ እያለ ቆዳዋን አየ። ከዚያ አንዱን ግልገል አነሳና ደንግጦ ይህን አፍንጫውን ምን መታው ብሎ ጠየቀ። ሣራ የዘራቸው መልክ እንደሆነ አስረዳችው፤ በጣም የተደፈጠጠው ግን ትንፋሽ ስለሚያጥረው፣ ለማርባት መካከለኛው እንደሚሻል ነገረችው። እሱ ሰምቶ ሲያበቃ ትልቁንና ደረተ ሰፊውን ታቅፎ ይቺ ናት አለ። ሣራ ገልብጣ አሳየችው፤ ወንድ ነው። በግ ሲመርጥ ዕድሜውን የፈጀ ሰው በጠጉር ተሸወደ። ሳቅን፤ እሱም ሳቀ፣ ፍቅርተ። መዘዞን ከለቀቅን ወዲህ ሲስቅ ሳየው የመጀመሪያዬ ነበር።

በመጨረሻ አንዲት ዳልቻ መረጠ፤ ዓይኗ የጠራ፣ ከእጁ ሳትሸሽ ቀርባ ያሸተተችው። ሣራ ዘሯን እስከ ቅድመ አያቷ ቆጠረችለት፤ ክትባቷ ሳያልቅ አልሰጥም ብላም አስጠበቀችን። ስንመለስ “ሴትዮዋ ከብት ታውቃለች” አለኝ። ከእሱ አፍ ከዚህ የበለጠ ምስጋና አይወጣም።

ድመቷ ቤት በገባች ቀን ግን ማን ነው የገዛት ብሎ ያዘኝ። መዋሸት አቃተኝና አንቺ ነሽ አልኩት። ሳትሰናበቺው ከሄድሽ ወዲህ በቤታችን ስምሽን የምጠራው እኔ ብቻ ነኝ። መልሺያት ይለኛል ብዬ ስጠብቅ፣ “ስጦታ ከሆነ አልፈልግም። በርቢ ከሆነ ግን እይዛታለሁ” አለ።

የአገራችንን ሥርዓት አትረሺውም፤ ባለቤቱ እንስሳዋን ይሰጣል፣ ያዡ ያሳድጋል፣ የተወለደውን እኩል ይካፈላሉ። ላምም በግም በርቢ ይያዛል፤ ድመት በርቢ የያዘ ግን ከአባትሽ በፊት አልሰማሁም። ኩራቱን አውቀዋለሁና እሺ፣ በርቢ ነው አልኩት።

ከዚያ ወዲህ ሰው ሆነ። ጠዋት ተነስቶ ያበጥራታል። ምግቧ ከዘገየ ይቆጣኛል፤ እኔም ሲቆጣኝ ፈጣሪዬን አመሰግናለሁ። ከሣራ ወንድ ድመት ጋር አገናኝተናት በገና ሰሞን አራት ወለደች። እግዜር ይስጥሽ ልጄ፤ ባሌን ነው የመለስሽልኝ።

አሁን ሰው ሁሉ ግልገል ስጡን ይላል። አጎትሽ መልካሙ እንኳ ለልጆቹ አንድ ቢለምነው እምቢ አለው። እኩሌታው ያንተ አይደለም ወይ፣ ከራስህ ድርሻ ስጠው አልኩት።

“የቱ የእኔ እንደሆነ በምን አውቄ?” አለኝ። “ርቢ ባለቤቱ በሌለበት አይካፈሉም። መጀመሪያ የምትመርጠው እሷ ናት።”

እንግዲያው ፎቶ አንስተን እንላክላትና ትምረጥ አልኩት።

“ፎቶ እፍ ተብሎ ቆዳው አይታይም። መጥታ በእጇ ትምረጥ።”

ግልገሎቹ ጡት እየተዉ ነው፣ መምጣት ባይመቻትስ ስለው፣ ፊቱን አዙሮ ድመቷን ማበጠር ጀመረ። ልነሳ ስል፣ “እጠብቃለሁ። ያኔም ሳልመርቃት ነው የሄደችው” አለ።

ስለዚህ ልጄ፣ ሥራሽ ፈቃድ የሚሰጥሽ መቼ እንደሆነ ጻፊልኝ። እኔ ያወቅሁትን ሁሉ መርቄሻለሁ፤ እንጀራሽን ያጣፍጠው፣ ከክፉ ሰው ዓይን ይሰውርሽ፣ በሄድሽበት ሁሉ መድኃኔዓለም ይቅደምልሽ። የአባትሽን ምርቃት ግን በደብዳቤ አልልክልሽም፤ መጥተሽ ከራሱ አፍ ተቀበዪ።

እናትሽ ወርቄ