የቤሌ ቅቤ

ሶዶ፣ ቅዳሜ ግንቦት ፲፪ ቀን ፲፱፻፶፱ ዓ.ም.

ዛሬ ከጎረቤቴ ከአንጁሎ ጋር በጭነት መኪናው ጨው ይዘን ቤሌ ሄድን። ዝናቡ መንገዱን ስለዘጋው ሰዉ ያለ ጨው ሲበላ ከርሟል። ጭቃ ውስጥ ስንቀረቀር አንጁሎ አንዴም አልተማረረም፤ እያንጎራጎረ አወጣው። እንዴት ያለ ወንድ ነው! ገበያው ስንደርስ አሮጊቶቹ መኪናውን እንደ ሙሽራ ግንባሩ ላይ ቅቤ ቀቡት። ቀጥሎ የአንጁሎን ራስ፣ ከዚያ የእኔን፤ መኪናውን ስገፋ ውዬ በጭቃ ስለተለወስኩ ረዳቱ መስያቸው ነው።

ቤት ገብቼ ባለቤቴን፣ “ማስተማሩን ትቼ መንጃ ፈቃድ ባወጣስ?” አልኳት።

“በዚህ ሽበትህ? ይልቅ ራስህን ታጠብ፤ ሰኞ ተማሪዎችህ ይስቁብሃል።” ውሃም አሙቃ አቀረበችልኝ።

ይህን ሁሉ ዘመን ሳስተምር ራሴን ቅቤ የቀባኝ ሰው አልነበረም። ቅቤው አንገቴ ላይ እየወረደ ነው። ውሃው ቀዝቅዟል።