በክፍልዎ ያልፈሰሰ ውሃ

ለተከበሩ የማዋለጃ ክፍል ኃላፊ

ክቡርነትዎ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል እላለሁ። ለእኛ ያልደረሰን ጤና ሁሉ እርስዎ ዘንድ ተከማችቶ እንደሚገኝ አልጠራጠርም።

እኔ በክፍልዎ የተኛች የአንዲት ወላድ አማት ነኝ። አማት ምራቷን ትጠረጥራለች ይባላል፤ እኔ ግን ጥርጣሬዬን በሙሉ ለእናንተ ስላዋልኩት ለምራቴ የተረፈ የለኝም። ምስጋናዬን እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

፩. የምራቴ የእንሽርት ውሃ ምጥ ሳይጀምራት ሳሎናችን ምንጣፍ ላይ ሲፈስ በዓይኔ አይቼ እያጣደፍኩ ባመጣትም፣ ተረኛዋ አዋላጅ ጠጋ ብለው እንኳ ሳያዩ ሽንት ሊሆን እንደሚችል ስላስረዱኝ አመሰግናለሁ። ሦስት ልጆች ወልጄ ይህን አለመለየቴ አሳፍሮኛል።

፪. በክፍልዎ ልማድ ሰዓቱ የሚቆጠረው ውሃው ከፈሰሰ ጀምሮ ሳይሆን አልጋ ከተያዘ ጀምሮ መሆኑን ተምሬአለሁ። አልጋው የተገኘው በማግስቱ ስለሆነ፣ በኮሪደሩ አግዳሚ ላይ ያሳለፍነው ጊዜ አልነበረም ማለት ነው። ምራቴን ትኩሳት የያዛት ግን በዚያ ባልነበረው ጊዜ ነው። አንዳንዴ መጠበቅ እንደሚሻል ሰምቻለሁ፤ ትኩሳቷን እየለኩ፣ የልጁን የልብ ምት እያዳመጡ ከሆነ። እኛን ዞር ብሎ ያየን አልነበረም።

፫. ልጁ ተወልዶ መተንፈስ ሲያቅተው ደግነታችሁ ወሰን አጣ። ቀና ብለው ያላዩን ሰዎች ትራስ ይዘው መጡ፤ እኔንም እናታችን ይሉኝ ጀመር። ጆሮዬ የቆመው ይኼኔ ነው። ሰው በድንገት እንዲህ ማር አይሆንም ብዬ የሕፃናቱን ሐኪም ብጠይቅ፣ ውሃው የፈሰሰው ልትወልድ ስትል ነው ብለው የክፍልዎ ሰዎች ነግረዋቸዋል፤ ስለ ትኩሳቷም ማንም አልነገራቸውም። እውነቱን ነገርኳቸው። ውሃው ከፈሰሰ ከቆየና እናትየዋ ካተኮሳት ሕፃኑን ኢንፌክሽን ሊይዘው ይችላል አሉኝ፤ መድኃኒቱ የተጀመረለት ከዚያ በኋላ ነው። የልጅ ልጄ አሁንም በመስታወት ሳጥን ውስጥ ነው፤ እንዳይሞትብኝ እፈራለሁ።

፬. ይህኛው ምስጋና ሳይሆን ልመና ነው። ውሃው መቼ እንደፈሰሰ እናትየዋን ጠይቁ፤ የምትለውንም እመኗት።

ስለ ትራሱ እስከ ምድር እጅ እየነሳሁ፣

የሦስት ልጆች እናት፣ እስካሁን ድረስም የአንድ ሕፃን አያት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ሴት ልጅዎ ለመውለድ መቃረቧን ሰምቼ ደስ ብሎኛል። ክትትሏ ሌላ ሆስፒታል እንደሆነም ሰዎች ነግረውኛል። ለምን ብዬ አልጠየቅሁም፤ በዚህ ውሳኔዎ ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ።