እህቴ የፎሶሊያ ካርቶን ላይ

መጋቢት 3
ከልጄ ጋር ሱፐርማርኬት ሄድን። እኔ ዕቃ የምመርጠው አሁንም በመልኩ ነው... ቀይ ክዳን ያለው ዘይት፣ ወፍ ያለበት ሳሙና። ፊደል የቆጠርኩት በሃምሳ ስምንት ዓመቴ ነው። ዓይኔ ገና አላመነም። ልጄ ታፍርብኛለች።
«እማዬ፣ አንብቢው እንጂ። ሠራተኛው እንዴት እንደተያዘ ሁሉ ይጽፉታል።»
እሷ በህሊናዋ ነው የምትገዛው። ለአንድ ቸኮሌት ሩብ ሰዓት ታነባለች። መምህርት ስለሆነች እኔንም ታስተምረኛለች፣ ሰው ፊት።
ፎሶሊያው ጋ ስንደርስ ፊቴን አዞርኩ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ማሸጊያ ቤት ቆሜ ያሸግኩት ይበቃኛል።

መጋቢት 5
ልጄ ፎሶሊያ ገዝታ መጣች። አዲስ ካርቶን፣ ዋጋው ከተራው እጥፍ። ጠረጴዛ ላይ ጥላው ወጣች።
ካርቶኑ ላይ ታናሽ እህቴ አለች። ፎቶዋ። ጥርሷ መሀል ያለው ክፍተት ሳይቀር... ትስቃለች።
ከሥር የተጻፈውን ጣቴን እያስኬድኩ አነበብኩ። «በደስታና በክብር የሚሠሩ እናቶች ያሸጉት»። ሁለቴ አነበብኩት። የተሳሳትኩ መስሎኝ ነበር።
እህቴ ወልዳ አታውቅም። ደስታውስ? እኔ በሠራሁበት ማሸጊያ ቤት የማጠቢያው ክሎሪን እጇን ልጦት፣ ጓንት ስጡኝ ብትል አምና አባረሯት። ዛሬ በራሷ ጓንት ነው የምትውለው፣ ሰው እንዳያይባት።
ፎቶው ደረቷ ላይ ያበቃል። እጇ የለም።

መጋቢት 6
ካርቶኑን ወስጄ ለእህቴ አሳየኋት። ብዙ አየችው።
«ለመታወቂያ ነው ብለውኝ ነበር። ካቦው ሳቂ አለኝ። ለመታወቂያ ደግሞ ይሳቃል ወይ ስለው ሁሉም ሳቁ... እኔም ሳቅሁ።»
አልተዋቸውም አልኩ።
«እትዬ፣ በእናትሽ ተይ። ካቦው ለሚያዝያ እመልስሻለሁ ብሎኛል። ካርቶን ላይ ወረቀት መለጠፍ፣ ደረቅ ሥራ።»
«ላም አለኝ በሰማይ» አልኳት።
«አንቺ ጡረታ አለሽ።»
ካርቶኑን ቦርሳዬ ውስጥ መልሼ ከተትኩ።

መጋቢት 9
ሳልነግራት የሱፐርማርኬቱ ሥራ አስኪያጅ ጋ ሄድኩ። «እማማ፣ እኛ ሻጭ ነን። ድርጅቱ የተመሰከረለት ነው፣ ወረቀት አለው።» ወረቀቱን ላየው አልኩ። «ያነባሉ?» አለኝ። ፈገግ ብሎ። ወረቀቱን አላመጣም።
ስወጣ ካርቶኖቹን አንድ በአንድ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞርኩ። አሥራ አራት ነበሩ።
ጥበቃው መጣ። «እናቴ፣ ምን እያደረጉ ነው?»
«እያሳረፍኳት ነው» አልኩት።

መጋቢት 10
ለልጄ ነገርኳት። «እነሱ እኮ ተመርምረው ነው ካርቶኑ ላይ ያለው ማኅተም የሚሰጣቸው፣ እማዬ።»
ማን መረመረ? የአክስትሽን እጅ ማን አየ? አንቺስ አይተሽ ታውቂያለሽ? አልኳት።
ጓንቱ ለብርድ ይመስላት ነበር።

መጋቢት 12
ካርቶኖቹን መልሰው አዙረዋቸዋል። እኔም መልሼ አዞርኩ።

መጋቢት 15
እህቴ ሰማች። ጥበቃው ለካ ጎረቤቷ ነው። ደወለች። «ፊደል የቆጠርሽው እኔን በረሃብ ልትፈጂኝ ነው?» ዘጋችው።
እውነቷን ይሆን? ለእሷ ነው የተናደድኩት ወይስ ላለፈው አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ? ንዴት ለእኔ ጉልበት ይሰጠኛል። ለእሷ እራት አይሆናትም።
ከእንግዲህ አልሄድም።

መጋቢት 22
እህቴ ራሷ መጣች። ካቦው ጋ ሄዳ ኖሯል። ለመለጠፉ ሌላ ሴት ወስደዋል። «እንግዳ ሲመጣ ያንን እጅሽን ቢያይ ለድርጅቱ ስም ጥሩ አይደለም» አላት።
«ውሰጂኝ» አለችኝ።
ሱፐርማርኬት ገብታ አታውቅም። በሩ በራሱ ሲከፈት ወደ ኋላ አለች። ፎሶሊያው ጋ ስትደርስ ጓንቷን አውልቃ ቦርሳዬ ውስጥ ከተተች። አንድ ካርቶን አንስታ ከአገጯ ሥር ይዛ ቆመች። አልሳቀችም።
አንዲት ወጣት ካርቶን አነሳች። ካርቶኑን አየች፣ እህቴን አየች፣ ጣቶቿን አየች።
«እርስዎ ነዎት?»
«ፊቱ የኔ ነው። ጽሑፉን እሷን ጠይቂያት።»
አነበብኩት። ጮክ ብዬ፣ ጣቴን ሳላስኬድ። ልጅቷ ካርቶኗን መለሰች። ከኋላዋ ያለውም ሰውዬ መለሰ። ሥራ አስኪያጁ እየሮጠ መጣ። ዛሬ ግን ያነባሉ ወይ አላለኝም።

ሚያዝያ 4
ካርቶኑ ተቀይሯል። በእህቴ ቦታ ቅጠል ስለዋል። ጽሑፉ ያው ነው፣ አንድ ፊደል አልነኩም። ሌቦች።
እህቴ ሥራ አላገኘችም። ልጄ ሐኪም ቤት ወስዳት ቅባት ታዝዞላታል። አሁን ልጄ ማኅተም ስታይ «ማን መረመረው?» እያለች ሻጮቹን ታስጨንቃለች። ይበላቸው።
ዛሬ እህቴ ደብተር ይዛ መጣች። ከ«ሀ» እንጀምር አልኳት።
«አይ። ከፊቴ ሥር ከጻፉት ነው የምጀምረው።»
እርሳስ መያዝ ያማታል። ያለ ጓንት ያዘችው። የድሮውን ካርቶን አስደግፌላት አንድ በአንድ ትገለብጣለች። «በክብር» ላይ ስትደርስ ተጭናው ኖሮ እርሳሱ ተሰበረ።
ቀረጽኩላት።